ከፉሪ እስከ ድሬ፦ የአምስት ቀን የባቡር ማስታወሻ

ሐሙስ፣ የካቲት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. — ፉሪ ለቡ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሳሁ። ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሆንም ቀድሞ መድረስ ግድ ነው፤ ከኮተቤ ፉሪ ለመሄድ ደግሞ አዲስ አበባን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። በዚያ ሰዓት ታክሲ ስለሌለ መኪና በስልክ ጠራሁ። 700 ብር ከፈልኩ። እስከ ድሬዳዋ ከሚያደርሰኝ ትኬት ጋር ብዙ አይራራቅም። ከቤቴ እስከ ጣቢያው ያለው መንገድና ከጣቢያው እስከ ድሬ ያለው መንገድ ዋጋቸው መቀራረቡ ጉዞውን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ያደግሁት ለገሀር ጀርባ ነው። በልጅነቴ ባቡር ጣቢያ ማለት ለእኛ ሰፈር ማለት ነበር። የሰፈሩ ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው የጣቢያ ስም የተወለደ ነው። በኅዳር 1922 ዓ.ም. የተመረቀው ሕንፃ ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሟል፤ እኛ እዚያ ሥር ብይ እንጫወታለን፤ ባቡር ሲገባ ጨዋታው ይቆማል። በ1988 ዓ.ም.፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ አንድ ጊዜ ይዞኝ ድሬ ሄዷል። ከቤታችን እስከ ፉርጎው በእግራችን ነው የሄድነው፤ አባቴ ሻንጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እኔ የእንጀራ ሰፌዱን ታቅፌ።

ፉሪ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕንፃው ግዙፍ ነው፤ ደረጃው ሰፊ፣ አዳራሹ ከፍ ያለ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የተመረቀው እዚሁ ነበር። መግቢያው ላይ መታወቂያና ትኬት ያያሉ፤ ሻንጣው በማሽን ያልፋል፤ ሰውም ይፈተሻል። ከዚያ የመጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ንጹሕ ነው፤ ወንበር ሞልቷል። ከጊቢው ውጭ ሁለት ሴቶች በፔርሙስ ሻይና ቡና ይሸጣሉ፤ አንድ ልጅ ብስኩትና ውኃ ይዞ ይዞራል። ሻይ 15 ብር፣ አምባሻ 30 ብር። የማውቀው ለገሀር በሩ ላይ ሆቴል፣ ጫማ ጠራጊ፣ ሊስትሮ፣ ጋዜጣ አዟሪ፣ ተሸካሚ፣ ሸኚና ተቀባይ የሚርመሰመስበት ነበር። እዚህ ሸኚ አላየሁም ማለት ይቻላል። ማን ሌሊት ተነስቶ ፉሪ ድረስ ሊሸኝ ይመጣል?

ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ተነሳን። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ሲነሳ አይሰማም፤ ምሰሶዎቹ ወደ ኋላ ሲሸሹ ነው የሚታወቀው። እንዶዴን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን አልፈን አዳማ ስንደርስ ፀሐዩ በርትቷል። እስከዚያ ድረስ ሃዲዱ ጥንድ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ይሆንና አንዱ ባቡር ለሌላው ጣቢያ ላይ ቆሞ መንገድ ይለቃል።

መተሐራ ስንቃረብ የበሰቃ ሐይቅ በግራና በቀኝ ብቅ አለ። ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገድና ሃዲድ ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። ከጀርባው ፈንታሌ ተራራ ጥቁር የረጋ ቅልጥ ድንጋዩን ዘርግቶ ተቀምጧል። የፉርጎው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

አጠገቤ የተቀመጡት የድሬ እናት ነበሩ፤ ልጃቸው አዲስ አበባ ወልዳ አርሰው መመለሳቸው ነው። አዋሽን ስናልፍ ከዘንቢላቸው ሳምቡሳ አወጡ። "አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ" ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ።

"ውሰድ እንጂ አቦ! ብቻዬን ልብላው?"

ወሰድኩ። ሦስት በላሁ። ምስር ከቃሪያ ጋር፣ ሌሊት ተጠብሶ ለስለስ ያለ። እሳቸው እየበሉ ስለ ድሮው ባቡር አወሩልኝ። በድሮው ባቡር ስንቅ መያዝ ነውር ነበር አሉ፤ ምክንያቱም በየጣቢያው መስኮቱ ሥር ገበያ ነበር። አዋሽ ላይ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሚኤሶ ላይ ወተት፣ ኤረር ላይ ብርቱካንና ሎሚ። የኤረር ጎታ ብርቱካን ስሙን ያገኘው በባቡር መስኮት ነው ብለው ይምላሉ። የአሁኑ ባቡር መስኮት የታሸገ ነው፤ ቅዝቃዜ አለው፤ አቧራ አይገባም። ብርቱካንም አይገባም። አፍደምን አልፈን ኤረር ላይ ለጥቂት ደቂቃ ስንቆም ከአጥሩ ማዶ ሁለት ልጆች አየሁ፤ እጃቸው ላይ ምን እንዳለ መለየት አልቻልኩም።

ድሬዳዋ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ገባን የምለው ጣቢያው ድሬዳዋ ስለሚባል ነው እንጂ ከተማው ገና ነው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል፣ ሜዳ ላይ ቆሟል። ሙቀቱ ከበሩ ላይ እንደ ምድጃ ገረፈኝ፤ ከፉሪ ስንነሳ ሹራብ ለብሼ ነበር፤ እዚህ ከፍታው ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደናል። ደጅ ላይ ባጃጆች ተኮልኩለዋል። አንዱ 400 ብር አለኝ፤ በ250 ተስማማን። አጋማሽ መንገድ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ልጁ መለዋወጫ አልነበረውም፤ ጓደኛውን በስልክ ጠርቶ እስኪመጣ ድረስ ከአንዲት ግራር ሥር ግማሽ ሰዓት ቆምን። ገንዘቡን እምቢ አለ። "ያላደረስኩህን አልቀበልህም፤ ለሱ ስጠው" አለኝ። እንቢ ማለቱ ስላስደነቀኝ 50 ብር ኪሱ ውስጥ አስገባሁለት።

ያረፍኩት "ከዚራ" በሚባለው የድሬ ሰፈር፣ የጓደኛዬ ወላጆች ቤት ነው። አባባ (ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ እንዲሁ አባባ ልበላቸው) ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ይጠጋል፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምድር ባቡር ውስጥ፣ የባቡሮችን መግቢያና መውጫ በሚመዘግበው ክፍል ነው። ሽርጥ ሰጡኝ፤ "ሱሪ ይዘህ ድሬ አይታደርም" ብለው። እማማ ውኃ አቀረቡ። ገና ሳልቀመጥ አባባ ጠየቁኝ፦

"በስንት ሰዓት ገባ?"

"ዘጠኝ ተኩል አለፍ ብሎ መሰለኝ።"

"አለፍ ብሎ ማለት ስንት ደቂቃ ነው?"

አላየሁም ነበር። ምንም አላሉኝም። ከጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰማያዊ ደብተር ገለጡና ቀኑን ጽፈው ሰዓቱን ባዶ ተዉት።

አርብ፣ የካቲት 8 — ከዚራ፣ አሮጌው ጣቢያ

ጠዋት ፈጢራ በላን። ሊጡ እንደ ወረቀት ሳስቶ፣ እንቁላል ተከቶበት ታጥፎ፣ ማር ፈሶበት። 120 ብር ነበር፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ፈጢራ የሚሸጡ ቤቶች አሉ፤ ግን ሊጡን በአየር ላይ ወርውሮ የሚዘረጋ እጅ ድሬ ነው ያለው።

ከአባባ ቤት እስከ አሮጌው ጣቢያ የሄድነው በእግር ነው። ሰባት ደቂቃ፣ ያውም በእሳቸው እርምጃ። ከዚራ መንገዶቿ ቀጥ ያሉ፣ ዛፎቿ ከላይ ተገናኝተው ጥላ የሠሩ ናቸው። ይህ ሁሉ የመጣው ከጣቢያው ነው። ድሬን ያየ ሰው ጣቢያው የከተማው አካል ይመስለዋል፤ አባባ ግን አረሙኝ። "ከተማው ነው የጣቢያው አካል" አሉኝ።

ታሪኩን ያወሩት ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ጥላ ሥር ቆመን ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ውል መሠረት ባቡሩ መጀመሪያ መድረስ የነበረበት ሐረር ነው። ሥራው ጅቡቲ ላይ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ሃዲዱ በረሃውን አቋርጦ እዚህ ሲደርስ ግን ከፊቱ ተራራ ቆመበት፤ እሱን ለመውጣት የሚበቃ ገንዘብ ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ ሃዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባቡር ሲገባ እዚህ የቆመው ሰፈር "አዲስ ሐረር" ተባለ። ኩባንያው ከሰረ፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ በሌላ ውልና በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሐል ባሉት ዓመታት ጭነት ሁሉ የሚራገፈው፣ ነጋዴ ሁሉ የሚያድረው፣ ግመልና በቅሎ ሁሉ የሚጫነው ድሬ ላይ ነበር። አንድ ከተማ የባቡር መጨረሻ ሆኖ ከአሥር ዓመት በላይ ሲቆይ እንዲህ ይሆናል፦ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ የመናዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዩ አንድ መንደር ውስጥ።

ዘበኛው አባባን ሲያይ ተነስቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰላም አላቸው። ተፈቅዶልን ገባን። ፊቱ ላይ የድርጅቱ ስም በአማርኛና በፈረንሳይኛ እንደተጻፈ ነው። ፕላትፎርሙ ላይ ማንም የለም። የቲኬት መስኮቶቹ ዝግ ናቸው፤ የእንጨቱ ጠርዝ በሰው ክርን ተፍቆ ጎድጉዷል። እጄን አስገብቼ ዳሰስኩት። ስንት ሰው እዚህ ክርኑን አስደግፎ "አንድ ለአዲስ አበባ" ብሏል?

ሃዲዱ ላይ ወረድን። አባባ ከዘራቸውን አግድም አጋደሙት። ከሃዲድ ሃዲድ ልክ አንድ ሜትር ነው። "ይኼ የኛ ነው። አዲሱ አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ተኩል ነው። ስለዚህ የኛ ባቡር በእሱ ላይ አይሄድም፣ የእሱም በኛ ላይ።" ይህን ሲሉ ድምፃቸው ላይ ቁጭት አልነበረም፤ ልክ እንደሚያስረዳ አስተማሪ ነበሩ። ቁጭቱ የመጣው ወደ ወርክሾፑ ስንሄድ ነው።

ወርክሾፑን ማየት ለሚፈልግ ሰው ድሬ መምጣት ብቻውን በቂ ምክንያት ይሆነዋል። በቺንጋ የሚዞሩ ቶርኖዎች፣ መቀጥቀጫዎች፣ መበሻዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ በላያቸው ላይ ፈረንሳይ አገር የተሠሩበት ከተማ ስም በብረት ተቀርጿል። መለዋወጫ ከአውሮፓ እስኪመጣ ወራት በሚፈጅበት ዘመን ብሎኑም፣ ጥርሱም፣ የፉርጎው በር ማጠፊያም እዚሁ ነበር የሚሠራው። ብዙ የድሬ ባለሙያ፣ በየጋራዡ ያለው ቶርኖ ሠራተኛ፣ ሙያውን ያየው ከዚህ ግቢ ነው፤ አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ። ጠዋት፣ ምሳና ማታ የሚጮኸው የግቢው ሲሪን ለከተማው ሰዓት ነበር ይላሉ አባባ። እማማ ወጥ የሚጥዱት በእሱ ነበር።

ግቢው ውስጥ ቀለማቸው የለቀቀ ፉርጎዎች ቆመዋል። አንዱ ላይ ወጣሁ። የእንጨት አግዳሚው ላይ ስቀመጥ 1988 ዓ.ም. ድንገት መጣብኝ፤ ጨለማ፣ አምፖል፣ የአባቴ ጋቢ ሽታ። አባባ ውጭ ቆመው ጠበቁኝ፤ አላጣደፉኝም።

ከዚያ ወደ ኋላ ሲመለሱ ነገሩኝ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ባቡር ሲገባ ከቤታቸው ሆነው ጩኸቱን እየሰሙ በደብተራቸው ላይ ሰዓቱን ይጽፉ ነበር። የአዲስ አበባው መስመር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሲቆም የጅቡቲውን ብቻ ጻፉ። በኋላ እሱም ቆመ፤ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ሲጀምር ደብተሩን እንደገና ገለጡ። አዲሱ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ ያመላልሳል፤ እሳቸው ግን አይሰሙትም፤ ሩቅ ነው። ስለዚህ የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ ይጠይቃሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ፣ ትናንት ያሳጣኋቸው ምን እንደሆነ።

ከሰዓት በኋላ አባባ ከጓደኞቻቸው ጋር በርጫ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ደቻቱን ተሻግሬ መጋላ ወጣሁ። ወንዙ በየካቲት አሸዋ ብቻ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ይኸው ወንዝ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል፤ የድልድዩ ባለ ሱቅ ግን ውኃው የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በእጁ አሳየኝ፤ ከራሴ በላይ ነበር። ቀፊራ ገበያ ገብቼ ለእናቴ ዕጣን ገዛሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9 — ደንገጎ፣ ሐረር

ሃዲዱ ያልወጣውን ተራራ ልወጣው ፈለግሁ። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባሱ 100 ብር አስከፈለን። ከከተማው እንደወጣን ደንገጎ ይጀምራል፤ ጠመዝማዛው፣ ዳገቱ፣ ከሥር እየጠበበ የሚሄደው ሜዳ። አጋማሹ ላይ መኪናው ሞቀና ቆመ። ሹፌሩ ራዲያተሩን እስኪያቀዘቅዝ ወርደን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ይህን ዳገት መኪና እንዲህ ከወጣው፣ ከመቶ ዓመት በፊት በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር እንዴት ሊወጣው ነበር? ውሉን የጻፉት ሰዎች ይህን ተራራ በዓይናቸው አይተውት ቢሆን ድሬ ባልተወለደች ነበር ብዬ አሰብኩ። ወደ ታች ሳይ ድሬ በጭጋግ ውስጥ ነጭ ሆና ተዘርግታለች።

ሐረር ለራሷ ሌላ ጽሑፍ ይገባታል። የምጽፈው ለባቡሩ ነገር የሚጠቅመውን ብቻ ነው። በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ስዞር፣ በአምስቱ በሮቿ የተከበበችው ከተማ ባቡሩ ቢመጣ ኖሮ ምን ትሆን ነበር የሚለው ጥያቄ አለቀቀኝም። ጀጎሏ ይፈርስ ነበር? ጠባብ መንገዶቿ ይሰፉ ነበር? የከተማዋ ግንብ ዛሬ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ምናልባት ሃዲዱ ከተራራው ግርጌ ስለቀረ ይሆናል። አንድ አዛውንት ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ሆጃ ጋበዙኝ፤ ከቡና የሚሠራ፣ በወተት የተፈላ፣ ጨው ያለበት። ለአዲስ አበባ ሰው ጨው በወተት መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ ሁለተኛውን ስኒ እኔው ጠየቅሁ። ገንዘብ አልቀበልም አሉ፤ ሐላዋ ግማሽ ኪሎ ከልጃቸው ገዛሁ፣ 200 ብር።

ማታ ስመለስ አባባ "ተራራውን አየኸው?" አሉኝ። አየሁት አልኩ። "እንግዲህ እሱ ነው እናታችን" አሉ።

እሑድ፣ የካቲት 10 — ሽንሌ

የዚህን ጉዞ ዋናውን ነገር ያየሁት እዚህ ነው። ሽንሌ ከድሬ በስተ ሰሜን፣ በሶማሌ ክልል፣ ቅርብ ያለች ከተማ ናት። የድሮው ባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቆመው እዚያ ነው። አባባ አብረውኝ መጡ፤ ሚኒባስ ሞላና ሄድን፣ ለሰው 30 ብር። መንገዱ አጭር ነው፤ ሙቀቱ ግን ረጅም ያደርገዋል።

አጠገባችን ሦስት የሶማሌ እናቶች ነበሩ፤ ባዶ የወተት ጀሪካኖቻቸውን በገመድ አስረው። ጠዋት ወተቱን ድሬ ሸጠው መመለሳቸው ነው። አባባ በሶማልኛ ሰላም አሏቸው፤ ሰፊ ወሬ ሆነ። የምድር ባቡር ሰው መሆናቸውን ሲያውቁ አንደኛዋ ሳቁና ሌላዋን በክርናቸው ነኩ። አባባ ተረጎሙልኝ፦ በባቡሩ ጊዜ ወተቱን ጎህ ሲቀድ ይጭኑ ነበር፤ ጀሪካን ለጀሪካን ሳይጋጭ፣ ሳይናጥ ይደርስ ነበር። አሁን ሚኒባስ ጣራ ላይ ይጫናል፤ ፀሐዩ ይመታዋል፤ ከዘገየ ይረጋል። ለጀሪካኑም ለብቻ ይከፍላሉ።

ሽንሌ ጣቢያ ትንሽ የድንጋይ ቤት ናት። ፊቷ ላይ ዛፍ አለ፤ ከዛፉ ሥር ፍየሎች ተኝተዋል። አንዲት ልጅ ሻይ ታፈላለች፤ ሁለት ሻይ 20 ብር። ሃዲዱ አሸዋ ውስጥ እየጠለቀ፣ እየወጣ ወደ ድሬ አቅጣጫ ይሄዳል። በዚህ ሃዲድ መጨረሻ ላይ ያለው ትናንት በስቲያ የገባንበት፣ ከአባባ ቤት ሰባት ደቂቃ የሚርቀው ጣቢያ ነው። ከተማው መሐል። ገበያው አጠገብ።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ስለ ባቡር ስናወራ ሁሌ የምናወራው ስለ ወደብ፣ ስለ ኮንቴይነር፣ ስለ 750 ኪሎ ሜትር ነው። እሱ ትልቅ ነገር ነው፤ አዲሱ መስመር የሚሠራውን ሥራ አሮጌው ሊሠራው አይችልም፤ ስምንት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ ድሬ መድረስ ለእናቴ ትውልድ ተአምር ነው። ግን ባቡር ለአጭር መንገድም ነው። ጠዋት ወተት ይዛ ወጥታ ለምሳ ቤቷ ለምትመለስ ሴት፣ ድሬ ለሚማር የሽንሌ ልጅ፣ ከአዲሱ ጣቢያ ወርዶ ከዚራ ለሚገባ መንገደኛ። ሁለት ፉርጎና አንዲት ትንሽ ሞተር፣ በቀን አራት ጊዜ። ድሮ ሊቶሪና የምንላት ዓይነት። ሃዲዱ ተዘርግቷል። ሙያው ወርክሾፑ ውስጥ አለ፤ ባለሙያዎቹ ሳያልቁ። አባባ ይህን ስነግራቸው ሻያቸውን አስቀመጡና በጣታቸው አሸዋው ላይ መስመር አሰመሩ፤ የት ላይ ማለፊያ ሃዲድ እንደሚያስፈልግ፣ ሁለት ባቡር የት እንደሚጠባበቅ፣ ከሽንሌ ስንት ሰዓት ቢነሳ ለቀፊራ ገበያ እንደሚደርስ። ሲያስቡበት እንደኖሩ ከፍጥነታቸው አወቅሁ። ፍየል መጥታ መስመሩ ላይ ተራመደች፤ እንደገና አሰመሩት።

የግመል ወተት በጣሳ ቀመስኩ፤ ጭስ ጭስ ይላል፤ ወደድኩት። ስንመለስ ሚኒባስ ለመሙላት ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን።

ሰኞ፣ የካቲት 11 — ወደ ፉሪ

እማማ ስንቅ አስያዙኝ፦ ሳምቡሳ፣ ሁለት ብርቱካን፣ በፌስታል የታሰረ ፈጢራ። አባባ እስከ አዲሱ ጣቢያ ልሸኝህ አሉ። ከለከልኳቸው፤ ሙቀቱን ፈርቼ ነው፤ አልሰሙኝም። ለሁለታችን ባጃጅ 250 ብር፣ ለሳቸው መመለሻ ሌላ 250። በእግራቸው ሰባት ደቂቃ ይሄዱ የነበሩት ሰው ለአንድ ሽኝት ሌላ ሰው ሁለት ቀን የሚበላበትን ገንዘብ አስወጡኝ ብለው አዘኑ። ፍተሻው ጋ ስንደርስ ትኬት የሌለው አይገባም ተባለ። እዚያው በሩ ላይ ተሰነባበትን። ዞር ብዬ ሳይ ከዘራቸውን ተደግፈው የሕንፃውን ርዝመት በዓይናቸው ይለኩ ነበር።

ባቡሩ ሰባት ሰዓት ላይ ይመጣል የተባለው ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ መጣ። ወደ አዲጋላ በኩል ግመሎች ሃዲድ ላይ ገብተው ቆሞ ነበር ተባለ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው አልተቆጣም፤ ግመል ያለው ዘመድ የሌለው ሰው እዚህ አገር የለም። አንድ አባት ባለ ግመሉ እንዳይከስር ሲጸልዩ ሰማሁ።

በዚህኛው ጉዞ ሰዓቴን ከእጄ አላወረድኩም። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፤ መግቢያውንም መውጫውንም በስልኬ ጻፍኩ። ከአዋሽ ወዲህ ጨለመ። አዳማ ላይ ብዙ ሰው ወረደ። ፉሪ የገባነው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው። ማግሥቱ የሰማዕታት ቀን ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከበሩ ውጭ የቆሙት መኪኖች ጥቂት ናቸው፤ እስከ ኮተቤ 1,000 ብር ጠየቁኝ። ከሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተጋርተን 400 ደረሰኝ፤ አንዱን ሳሪስ፣ ሁለቱን ገርጂ እያወረድን ስንዞር ቤቴ የደረስኩት ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው።

ለአባባ በማግሥቱ ጠዋት ደወልኩ። ጤና ጠየቁኝ፤ እናቴን ጠየቁ፤ ፈጢራው ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉ።

"ከድሬ ተነሳ፣ ስምንት ከአሥራ አንድ" አልኩ።

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።

"ቀስ በል። ስምንት ከአሥራ አንድ። እሺ፣ ኤረር?"